«አልፋው ከ0.70 በላይ ነው» ከማለታችን በፊት

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለአማካሪዎቻቸው በቀረበ የምርምር ዘዴ መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጽሑፍ የተስተካከለ

የተከበራችሁ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፤

የመመረቂያ ጽሑፍ ለመገምገም በተቀመጥሁ ቁጥር ሦስተኛውን ምዕራፍ ስገልጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳላገኝ የቀረሁበት ጊዜ እምብዛም ነው። ጽሑፉ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ የዐረፍተ ነገሩ መልክ አይለወጥም፤ «የመጠይቁ አስተማማኝነት በክሮንባክ አልፋ ተሰልቶ 0.78 የሆነና ይህም ከ0.70 በላይ ስለሆነ መጠይቁ አስተማማኝ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። ክሮንባክ አልፋ የመጠይቁ ጥያቄዎች መልሶች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳይ፣ ወደ 1 ሲጠጋ ከፍተኛ የሚባል ቁጥር ነው። ከዚህ ዐረፍተ ነገር በኋላ ስለ ልኬት አንድም ቃል ሳይነሣ ጽሑፉ ወደ መረጃ አሰባሰብ ሥነ ምግባር ያልፋል። ተማሪውን «ይህ 0.78 የትኛውን ስህተት ነው የለካልህ?» ብዬ ስጠይቀው ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል፤ አንዳንዱም ወደ አማካሪው ዞር ብሎ ያያል፤ አማካሪውም ወረቀት ማገላበጥ ይጀምራል።

የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። አስቀድሜ የምደርስበትን ልናገር። አስተማማኝነት በመጠይቁ ወረቀት ላይ የታተመ፣ መጠይቁ በሄደበት ሁሉ አብሮት የሚሄድ ጠባይ አይደለም፤ በተወሰኑ ሰዎች ላይ፣ በተወሰነ ጊዜና ሁኔታ የተገኘ ውጤት ጠባይ ነው። የስሌት ዘዴዎቹም ብዙ የሆኑት የስህተት ምንጮች ብዙ ስለሆኑ ነው፤ አንዱ የሚያየውን ሌላው አያየውም።

ነገሩን ከመሠረቱ እንያዘው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቻርልስ ስፒርማን እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሁለት ነገሮች ምን ያህል እንደሚዛመዱ ስንለካ መለኪያዎቻችን ራሳቸው ስህተት ያለባቸው ከሆነ ተዛምዶው ከእውነቱ አንሶ እንደሚታይ አሳየ። ከዚህ ሐሳብ የተነሣው ትምህርት የሚለን ይህን ነው፦ አንድ ሰው በፈተና ወይም በመጠይቅ ያገኘው ነጥብ እውነተኛ ነጥቡና በዚያ ዕለት የደረሰበት ስህተት ተደምረው የሚሰጡት ነው። ስህተት ስንል ማጭበርበርን ወይም ስንፍናን አይደለም፤ ተፈታኙ ሌሊቱን ያልተኛ መሆኑ፣ አንዱን ጥያቄ በግምት መትቶ ማግኘቱ፣ የመረጃ ሰብሳቢው የንባብ ቃና፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው የወፍጮ ቤት ጩኸት፣ ይህ ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ የማይገባው ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ስህተት ነው። በየኪሎው 100 ግራም የሚሰርቅ ሚዛን ስርቆቱን ሳያዛንፍ እስከ ቀጠለ ድረስ አስተማማኝ ነው፤ የሚናገረው ግን እውነት አይደለም። ያ የተገቢነት፣ ማለትም መለኪያው ሊለካ የታሰበውን ነገር በእርግጥ የመለካቱ፣ ጉዳይ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም፤ ነገር ግን አስተማማኝነት ብቻውን የማንንም መለኪያ ንጽሕና እንደማይመሰክር አስታውሱልኝ።

እንግዲህ የሰዎች ነጥብ ከአማካዩ የሚበተንበትን መጠን ልይይት ወይም ቫሪያንስ እንለዋለን። አስተማማኝነት ማለት ከዚህ ጠቅላላ ልይይት ውስጥ በሰዎቹ መካከል ካለ እውነተኛ ልዩነት የመጣው ድርሻ ነው። ትርጓሜው ቀላል ይምሰል እንጂ ውጤቱ ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ድርሻ በመሆኑ ሰዎቹ ሲለወጡ እሱም ይለወጣልና። በምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ የሒሳብ ፈተና በተለያየ ደረጃ ላይ ለሚገኙ ተማሪዎች ተሰጥቶ የነጥቦቹ መደበኛ ልይይት፣ ማለትም የቫሪያንሱ ስኩዌር ሩት፣ 10 ሆነ እንበል፤ ቫሪያንሱ 100 ነው። ከዚህ ውስጥ 16ቱ የስህተት ከሆነ አስተማማኝነቱ 0.84 ነው፤ ማንም ገምጋሚ በደስታ ይቀበለዋል። ያንኑ ፈተና በመግቢያ ፈተና ተመርጠው ለገቡ፣ ችሎታቸው ለሚቀራረብ የአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስንሰጠው መደበኛ ልይይቱ 5፣ ቫሪያንሱም 25 ይሆናል። የስህተቱ መጠን ያው 16 ቢሆንም አስተማማኝነቱ 0.36 ላይ ይወድቃል። ከፈተናው አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልተለወጠም፤ የተለወጡት ተፈታኞቹ ናቸው።

ከዚህ የተነሣ «ይህ መጠይቅ ቀደም ሲል በሌላ አገር በተደረገ ጥናት አልፋው 0.89 ስለነበረ አስተማማኝ ነው» ብሎ መጻፍ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ያ 0.89 የእነዚያ ሰዎች ነው። የእናንተን ከራሳችሁ መረጃ ማስላት ይኖርባችኋል።

እውነተኛውን ነጥብ ማንም አይቶት ስለማያውቅ ድርሻውን በቀጥታ ማስላት አይቻልም፤ መገመት ግን ይቻላል። የመጀመሪያው መንገድ ያንኑ ፈተና ለዚያው ሰው ደግሞ መስጠትና ሁለቱን ውጤቶች ማዛመድ ነው፤ ተዛምዶ ስንል ሁለት ነጥቦች ምን ያህል አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ የሚያሳይ፣ ዝምድና ከሌለ ዜሮ፣ ፍጹም ከሆነ 1 የሚሆን ቁጥር ማለታችን ነው። ይህ መንገድ ጊዜ የሚያመጣውን መዋዠቅ ይይዛል። ችግሩ የጊዜውን ርቀት መወሰን ነው፤ በጣም ከቀረበ መላሹ የመጀመሪያ መልሱን አስታውሶ ይደግመዋል፤ ከራቀ ደግሞ የሚለካው ነገር ራሱ ይለወጣል። በምግብ ዋስትና ጥናት የሚሠራ ሰው ይህን ጠንቅቆ ሊያውቀው ይገባል። የቤተሰብን የምግብ እጦት የሚለካውና ያለፉትን 4 ሳምንታት የሚጠይቀው ባለ9 ጥያቄ መለኪያ በነሐሴ፣ ጎተራው በተራቆተበት ወር ተጠይቆ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ በታኅሣሥ ቢደገምና ሁለቱ ውጤቶች ባይዛመዱ ጥፋቱ የመለኪያው ነው ማለት አይቻልም፤ የገበሬው ቤት ተለውጧል። እንዲህ ላለው መለኪያ የመድገሚያው ርቀት በሳምንታት እንኳ ሳይሆን በቀናት የሚቆጠር መሆን አለበት።

ሰውን ሁለት ጊዜ ማግኘት አስቸጋሪም ውድም ስለሆነ ተመራማሪዎች በአንድ ጊዜ ፈተና የሚገምቱበትን ዘዴ መፈለጋቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1910 ስፒርማንና ዊልያም ብራውን ሳይመካከሩ፣ በአንድ መጽሔት፣ በአንድ እትም ላይ ተመሳሳይ ቀመር አወጡ። ፈተናውን ለሁለት ከፍላችሁ፣ ለምሳሌ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ጥያቄዎች በአንድ ወገን፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን በሌላ ወገን አድርጋችሁ ሁለቱን ታዛምዳላችሁ፤ ተዛምዶው የግማሽ ፈተና ስለሆነም ወደ ሙሉው ርዝመት ታሳድጉታላችሁ። በግማሾቹ መካከል ያለው ተዛምዶ 0.60 ከሆነ የሙሉው ፈተና ግምት 0.75 ይሆናል። ዘዴው ጥሩ ሆኖ ሳለ አንድ የሚያናድድ ጉድለት አለበት፦ ፈተናውን የምትከፍሉበት መንገድ ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል፤ ባለ20 ጥያቄ ፈተና ደግሞ ለሁለት እኩል የሚከፈልባቸው መንገዶች ከ90,000 በላይ ናቸው። በነገራችን ላይ ሰዓት የሚያጣድፈው ፈተና በዚህ ዘዴ ፈጽሞ መለካት የለበትም፤ ተፈታኙ የደረሰባቸውን ሁሉ ሠርቶ ያልደረሰባቸውን ሁሉ ስለሚተው ጎዶሎውና ሙሉው ሳይወድዱ በግድ ይመሳሰላሉ።

ኩደርና ሪቻርድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1937 ይህን የመክፈል ጣጣ ያስቀረ ቀመር አወጡ፤ በጽሑፋቸው ውስጥ 20ኛው ቀመር ስለነበረ እስከ ዛሬ ድረስ ኬአር-20 እየተባለ ይጠራል። የሚሠራው መልሳቸው ትክክል ወይም ስህተት፣ አዎ ወይም አይደለም ለሆኑ ጥያቄዎች ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በአገራችን የአእምሮ ጤና ጥናቶች ውስጥም ያገለገለው፣ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ መሳሰሉት አዎ ወይም የለም የሚያስብለው ባለ20 ጥያቄ መጠይቅ ትክክለኛ ምሳሌው ነው። አሜሪካዊው ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ቀመሩን ከአንድ እስከ አምስት ለሚመለሱ ጥያቄዎችም እንዲሆን አድርጎ አቀረበና አልፋ አለው። አልፋ ያለውም ከእሱ በኋላ ሌሎች ፊደላትን የሚይዙ ቀመሮች ይከተላሉ ብሎ ስላሰበ ነበር። ሉዊስ ጉትማን ግን ከዚያ 6 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1945፣ ያንኑ ቀመር ከሌሎች አምስት ጋር አሳትሞት ነበር። ክሮንባክ በዚህ ጉዳይ የመጨረሻ ሐሳቡን ያሰፈረበት፣ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጽሑፍ፣ ቀመሩ በእሱ ስም መጠራቱ እንደሚያሳፍረው ይናገራል። ስሙ በየመመረቂያው የሚጠራለት ሰው እንዲህ ማለቱን ብዙዎቻችን ሳንሰማ ነው የምንጠቅሰው።

አሁን አልፋ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ በሰፊው እንመልከት፤ ዋናው ነገር እዚህ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። አልፋ የሚመለከተው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ወረቀት ላይ የተጠየቁ ጥያቄዎች መልሶቻቸው ምን ያህል አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ ነው። ውስጣዊ ወጥነት የምንለው ይህንኑ ነው። ከሳምንት በኋላ ስለሚሆነው፣ ሌላ መረጃ ሰብሳቢ ቢጠይቅ ስለሚመጣው፣ ሌላ መምህር ቢያርም ስለሚሰጠው ነጥብ አልፋ አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም።

በዚያ ላይ የጥያቄዎች ቁጥር ያሳብጠዋል። በጥያቄዎቹ መካከል ያለው አማካይ ተዛምዶ 0.20 ብቻ፣ ማለትም ደካማ፣ ነው እንበል። ጥያቄዎቹ 10 ሲሆኑ አልፋው 0.71፣ 20 ሲሆኑ 0.83፣ 40 ሲሆኑ 0.91 ይሆናል። ከተፈጥሯቸው ምንም ያልተሻሻሉ ጥያቄዎች ስለበዙ ብቻ «እጅግ ከፍተኛ» የሚል ስያሜ ያገኛሉ። አንድ ተማሪ አልፋው 0.66 ሲመጣበት ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቃል የሚጠይቁ ሰባት ዐረፍተ ነገሮች ጨምሮ ወደ 0.80 ያወጣዋል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር። መላሹ ተሰላችቶ የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳያነብ ምልክት ያደርጋል፤ አልፋው ግን ቅር አይለውም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። ብዙዎች አልፋ ከፍ ካለ ጥያቄዎቹ አንድ ነገር ይለካሉ ብለው ያምናሉ። ይህ ሐሰት መሆኑን በጣት ስሌት ማረጋገጥ ይቻላል። 12 ጥያቄዎች ይኑሩን፤ 6ቱ ስለ ደመወዝ፣ 6ቱ ስለ ሃይማኖታዊ ሕይወት የሚጠይቁ ይሁኑ። በየወገናቸው ያለው ተዛምዶ 0.50፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ደግሞ ዜሮ ይሁን፤ ማለትም የደመወዙ ነጥብ ስለ ሃይማኖቱ ምንም አይነግረንም። 12ቱን በአንድ ላይ ብናሰላ አልፋው 0.78 ይሆናል። በመግቢያዬ የጠቀስሁት 0.78 ማለት ነው! የተለካው ነገር አንድ መሆኑን ለማወቅ የሚያስፈልገው የፋክተር ትንተና፣ ማለትም አብረው የሚሄዱ ጥያቄዎችን በየወገናቸው የሚለይ ስሌት፣ ነው፤ እሱም ከአልፋ በፊት መሠራት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ደግሞ በእኛ አገር ልዩ ትኩረት ይሻል፤ ይሉኝታ። አልፋ አብሮ የሚወጣና የሚወርድን ነገር ሁሉ እንደ እውነተኛ ነጥብ ይቆጥራል። ከቀበሌ ሰው ጋር መጠይቅ ይዞ ለመጣ እንግዳ «አልስማማም» ማለት የሚከብደው መላሽ 15ቱንም ዐረፍተ ነገር «እስማማለሁ» ይላል፤ ይሉኝታ የሌለው ጎረቤቱ ያመነበትን እየለየ ይመልሳል። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የይሉኝታ ልዩነት ነው፤ ቀመሩ ግን የእርካታ ወይም የአመለካከት ልዩነት አድርጎ ይደምረዋል፤ አልፋውም 0.95 ይመጣል። እኔ በበኩሌ ሁሉም ዐረፍተ ነገር በአወንታ በተጻፈበትና መረጃው በቃል በተሰበሰበበት ጥናት 0.95 ሳይ ደስ ከመሰኘት ይልቅ መጠርጠር ይቀናኛል።

«እንግዲያስ ግማሾቹን በአሉታ እንጻፋቸው» የሚለው ምክር በየመጽሐፉ አለ። ምክሩን ተከትዬ የገባሁበትን ችግር ልናዘዝ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሥራ እርካታን የሚለካ ባለ14 ዐረፍተ ነገር መጠይቅ አዘጋጀሁ፤ ስድስቱን በአሉታ ጻፍኋቸው። መረጃውን ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሳሰላው አልፋው 0.31 መጣ። ሶፍትዌሩ በሠንጠረዡ ዳር «ይህ ጥያቄ ቢወጣ አልፋው ይህን ያህል ይሆናል» የሚል ዐምድ ስለሚሰጥ እሱን እያየሁ አንድ በአንድ ስሰርዝ ዋልሁ፤ ማታ ላይ 0.74 ደረሰልኝና አማካሪዬን አስደሰትሁ። የሰረዝኋቸው ጥያቄዎች በሙሉ በአሉታ የተጻፉት መሆናቸውን ያስተዋልሁት ከምረቃው በኋላ ነው። ግማሹ ጥፋት የእኔ ቸልተኝነት ነበር፤ ከስድስቱ የሦስቱን ነጥብ ገልብጬ አላስገባሁም ነበርና፣ «በጣም እስማማለሁ» የሚለው 5 ሆኖ እርካታን የሚያሳይ መስሎ ተደምሯል። አልፋችሁ በጣም ዝቅ ብሎ ወይም ከዜሮ በታች ሆኖ ከመጣ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህንን ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ከቋንቋችን የመጣ ነበር። «አልሄድህም እንዴ?» ተብሎ የተጠየቀ ያልሄደ ሰው በአማርኛ «አዎ፣ አልሄድሁም» ሊል ይችላል፤ ሌላው ደግሞ «አይ፣ አልሄድሁም» ይላል፤ ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ተናግረዋል። አሁን መረጃ ሰብሳቢው «በሥራዬ ደስተኛ አይደለሁም፤ ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?» ብሎ ያነባል። በሥራቸው የተማረሩ አንዲት እናት «አይ ልጄ፣ ደስተኛ አይደለሁም» ብለው ይመልሳሉ። ሰብሳቢው «አይ» የምትለዋን ብቻ ይዞ «አልስማማም» ላይ ምልክት ያደርጋል። የተማረሩት እናት በመረጃው ውስጥ ደስተኛ ሆነው ገቡ ማለት ነው። ቀመር ይህን አያርመውም። የሚያርመው በአማርኛ ሲነበብ ሁለት መልስ የማያስከትል ዐረፍተ ነገር መምረጥ ነው፤ «ደስተኛ አይደለሁም» ከማለት «ሥራዬ ያማርረኛል» ማለት ተቃራኒውን ሐሳብ ያለ አፍራሽ ግሥ ይገልጸዋል። መጠይቅ ስትተረጉሙ ከእንግሊዝኛው አሉታ ጋር ከምትታገሉ እንዲህ ያለውን ቃል ፈልጉ፤ አማርኛ በዚህ አይታማም።

አልፋን የሚተካ አለ ወይ ለምትሉኝ፣ አለ። አልፋ እውነተኛውን አስተማማኝነት በትክክል የሚሰጠው ሁሉም ጥያቄዎች የሚለካውን ነገር በእኩል ጥንካሬ ሲያንጸባርቁና ስህተቶቻቸውም ሳይነካኩ ሲቀሩ ነው። ይህ በእውኑ ዓለም ብርቅ ነው። የመጀመሪያው ግዴታ ሲጎድል አልፋ ከእውነቱ ያንሳል፤ ሁለተኛው ሲጎድል፣ በይሉኝታው ምሳሌ እንዳየነው፣ ይበልጣል። ከተመራማሪው ሮደሪክ ማክዶናልድ ሥራ ጋር የሚያያዘው ኦሜጋ የተባለ ቀመር እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ጥንካሬ እንዲኖረው ይፈቅዳል፤ አር እና ጃስፕ በተባሉት በነጻ በሚገኙ ሶፍትዌሮችም በቀላሉ ይሰላል። ክላስ ሳይትስማ የተባለው የኔዘርላንድስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2009 የአልፋ ጥቅም እጅግ ውሱን መሆኑን በርዕሱ ሳይቀር የተናገረበትን ጽሑፍ ካወጣ ወዲህ ክርክሩ ጋብ አላለም። የእኔ አስተያየት ግን ቀመር መቀየር ብቻውን ብዙ አያራምደንም የሚል ነው፤ ከላይ የጠቀስኋቸው እናት በኦሜጋም ደስተኛ እንደሆኑ ይቀራሉ።

ስለ አራሚዎች በአጭሩ ልለፍ። ድርሰት፣ የቃል ፈተና፣ የክፍል ውስጥ ምልከታ፣ ነጥቡ በሰው ዓይን የሚሰጥ ማንኛውም ነገር የስህተቱ ዋና ምንጭ ያ ሰው ስለሆነ አልፋ አይመለከተውም። ሁለት መምህራን 100 ድርሰት አርመው በ84ቱ ላይ ተስማሙ ሲባል መልካም ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም ከመቶው 90ውን የሚያሳልፉ ከሆነ፣ ድርሰቶቹን ሳያነቡ በዕጣ ቢያሳልፉና ቢጥሉ እንኳ በ82ቱ ላይ ይስማሙ ነበር። ያዕቆብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ካፓ የተባለ ቀመር ይህን የዕጣ ስምምነት ይቀንሳል፤ በዚህ ምሳሌ 0.11 ብቻ ይሰጣል። እንዲሁም ሁለት አራሚዎችን በተዛምዶ ብቻ አታወዳድሩ፤ አንደኛው ከሌላኛው ሁልጊዜ 10 ነጥብ የሚያሳንስ ቢሆን ተዛምዶው ፍጹም 1 ይሆናል፤ ከጨካኙ እጅ የገባው ተማሪ ግን ወድቋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ጥቅም ልምጣ። አስተማማኝነትን የምናሰላው ለሠንጠረዥ ማሟያ አይደለም፤ በአንድ ሰው ነጥብ ላይ ምን ያህል መተማመን እንደምንችል ለማወቅ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የልኬት መደበኛ ስህተት የሚባለው ነው፤ ክሮንባክም በዚያ በመጨረሻው ጽሑፍ ስለ አንድ መለኪያ ሊዘገብ የሚገባው ከሁሉ የላቀ መረጃ እሱ ነው ብሏል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከ1 ላይ አስተማማኝነቱን ቀንሱ፣ የቀሪውን ስኩዌር ሩት ውሰዱ፣ በነጥቦቹ መደበኛ ልይይት አባዙት። መደበኛ ልይይቱ 10፣ አስተማማኝነቱ 0.84 ለሆነ ፈተና 4 ነጥብ ይመጣል። 48 ያገኘ ተማሪ እውነተኛ ነጥቡ በአመዛኙ ከ44 እስከ 52 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ 95 በመቶ እርግጠኛ ልሁን ካላችሁ ደግሞ ከ40 እስከ 56 ድረስ ማስፋት ይኖርባችኋል። አስተማማኝነቱ ወደ 0.75 ቢወርድ ስህተቱ 5 ነጥብ ይሆናል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ 50 በመቶ ከሆነ ወዲህ በየቤቱ 48 እና 49 ይዘው ያለቀሱ ልጆች እናውቃለን። ከላይ ያሉት ቁጥሮች ለማስረጃ የፈጠርኋቸው እንጂ የዚያ ፈተና አይደሉም። ይሁንና የትኛውም ፈተና ስህተት የሌለው ባለመሆኑ፣ በመቁረጫው መስመር ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ተማሪዎች ልዩነታቸው የዕውቀት ይሁን የዕለት ዕድል በነጥቡ ብቻ መለየት አይቻልም። መስመር መኖሩ ግድ ነው፤ ቦታው ውሱን ነውና። ነገር ግን የልኬቱ መደበኛ ስህተት ከውጤቱ ጋር ቢነገር ኖሮ፣ ለመስመሩ የቀረቡትን በሌላ መረጃ ደግሞ የማየት ሥርዓት ለማበጀት ክርክሩ የት እንደሚጀመር በታወቀ ነበር።

ለግለሰብ ውሳኔና ለምርምር የሚያስፈልገው ደረጃ የተለያየ መሆኑንም እዚህ ላይ እናስተውል። በየመመረቂያው የሚጠቀሰው 0.70 የመጣው ከጁም ነናሊ የሥነ ልቦና ልኬት መጽሐፍ ነው። ነናሊ እ.ኤ.አ. በ1978ቱ እትም 0.70ን ያስቀመጠው ገና በጅምር ላይ ላለ ምርምር ነው፤ ለመሠረታዊ ምርምር 0.80፣ በሰው ሕይወት ላይ ለሚወሰንበት ፈተና ደግሞ ቢያንስ 0.90 ያስፈልጋል፣ 0.95 ቢሆን ይመረጣል ብሎ ነበር። እኛ ግን የመጀመሪያውን ወለል ይዘን ለሁሉም ጣሪያ አደረግነው።

በሙከራ ጥናት ላይ የሚደረገውንም ሳላነሣ አላልፍም። ብዙ ተማሪ 30 ሰው ይጠይቅና አልፋውን አስልቶ በዚያው ይዘጋዋል። በ30 ሰው ላይ በ10 ጥያቄ የተገኘ 0.70 የእርግጠኝነት ወሰኑ፣ ማለትም እውነተኛው ዋጋ ይገኝበታል ተብሎ በ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚገመተው ክልል፣ ከ0.51 እስከ 0.84 ገደማ ይዘረጋል። ስለዚህ የሙከራው አልፋ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» የሚያሰኝ ቁጥር አይደለም፤ የሙከራ ጥናት ዋና ጥቅሙ መላሹ የትኛው ቃል ላይ እንደቆመ፣ የትኛውን ጥያቄ «ይድገሙልኝ» እንዳለ ማየት ነው። ከዋናው መረጃ የተሰላው አልፋ ደግሞ ከነወሰኑ መቅረብ አለበት። ከዚያም ባሻገር፣ የሁለት መለኪያዎቻችሁ አስተማማኝነት 0.70፣ 0.70 ከሆነና በእውነት ያለው ተዛምዶ 0.50 ከሆነ፣ በሠንጠረዣችሁ የምታዩት 0.35 ነው። ስፒርማን በ1904 የተናገረው ይህንኑ ነበር። «ግንኙነቱ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል» ብላችሁ በአምስተኛው ምዕራፍ ከመደምደማችሁ በፊት ደካማው ግንኙነቱ ይሁን መለኪያው አስቡበት።

ንግግሬን ስጨርስ አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ «የእኔ አልፋ 0.68 መጣ፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ስንት ጥያቄ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አምስት አለችኝ። እንግዲያው በጥያቄዎቹ መካከል ያለው አማካይ ተዛምዶ 0.30 ገደማ ነው፤ ለአመለካከት መለኪያ የሚያሳፍር አይደለም። እንደነሱ ያሉ አምስት ቢጨመሩ 0.81 ይደርስ ነበር፤ ያነሰው የጥያቄዎቹ ቁጥር እንጂ ጥራታቸው አይደለም። ምንም እንዳትሰርዥ፣ ቁጥሩን ከነእርግጠኝነት ወሰኑ፣ ከነጥያቄዎቹ ብዛትና ከነአማካይ ተዛምዶው ጻፊው፤ ተዛምዶዎችሽ ምን ያህል እንዳነሱም በስፒርማን የ1904 ቀመር አስልተሽ አሳዪ አልኋት። «አማካሪዬ ግን ከ0.70 በታች አይቀበሉም» አለች። አማካሪዋ በኋላው መደዳ ተቀምጠው ስለነበር መልሱን እሳቸው ይስጡ ብዬ ማይክሮፎኑን አሳለፍሁላቸው።